ፕሬይዝ የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንጠቀማት

ሀዋሳ ውስጥ እንግሊዝኛ የማይነካው ሥራ እያነሰ መጥቷል። ሀይቁ ዳር ያሉ ሆቴሎች እንግዳ ኦንላይን ለሚፅፍላቸው አስተያየት መልስ የሚፅፍ ሰው ይፈልጋሉ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ከውጭ አለቃ ጋር በኢሜይል መፃፃፍ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ደግሞ ሁሌም የሆነ ሰው ለስኮላርሺፕ ሪኮመንዴሽን እያስፃፈ ነው። እዚህ ሁሉ ውስጥ ፕሬይዝ የምትባል ቃል ብቅ ትላለች። የሰው ሲቪና ደብዳቤ አርምልኝ እየተባልኩ ስለማይ ነው ይሄን የምፅፈው፣ አብዛኛው ሰው ትርጉሟን ያውቃል ግን ሲጠቀማት ያበላሻታል። ምን ማለት ነው ብትሉት ማመስገን ይላችኋል፣ ዲክሽነሪም ማመስገን፣ ማወደስ፣ ማሞገስ ብሎ ይደረድራል፣ ልክ ነው፣ ግን ጣጣው ያለው እዛችው ማመስገን የምትለዋ ላይ ነው።

አማርኛ ላይ አመሰገነ ሁለት ሥራ ይሰራል። ጎረቤታችሁ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት ይዛላችሁ ስትመጣ ታመሰግኗታላችሁ፣ መምህር ደግሞ ጎበዝ ተማሪን ክላስ ፊት አቁሞ ያመሰግናል፣ ሁለቱም አመሰገነ ነው፣ ማንም ግራ አይገባውም። እንግሊዝኛ ግን እነዚህን ለሁለት ነው የሚከፍላቸው። የመጀመሪያው ታንክ ነው፣ ሁለተኛው ፕሬይዝ። ታንክ የሚባለው ለእናንተ የሆነ ነገር ተደርጎላችሁ ምስጋና ስትመልሱ ነው፣ ፕሬይዝ ግን የሰውን ጥሩ ሥራ ወይ ጥሩ ባህሪ አይታችሁ ጥሩ ነው ብላችሁ ስትመሰክሩ ነው፣ ለእናንተ ምንም ባይደርሳችሁም።

እንዲህ እንየው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ከፒያሳ እስከ አሞራ ገደል ያደረሳት ልጅ ስልኳን ወንበር ላይ ረስታ ወረደች እንበል፣ ሹፌሩ ፈልጎ መለሰላት። ልጅቷ ያደረገችው ታንክ ነው፣ ስልኩ የሷ ነው፣ የተጠቀመችው እሷ ናት፣ «ሺ ታንክድ ዘ ድራይቨር»። በሳምንቱ የሹፌሮች ማህበር ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ሹፌሩን አስነስቶ እንደዚህ አይነት ታማኝ ሰው ነው የሚያኮራን ካለ ደግሞ ሰብሳቢው ያደረገው ፕሬይዝ ነው፣ «ዘ ቼርማን ፕሬይዝድ ሂም ፎር ሂዝ ኦነስቲ»። ሰብሳቢው ምንም ስልክ አልጠፋበትም። ልጅቷም ብትሆን ፌስቡክ ላይ ስለሹፌሩ ታማኝነት ከፃፈች ያኔ ከታንክ አልፋ ፕሬይዝ አደረገችው ማለት ነው። ስለዚ ስትፅፉ ስትጠራጠሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፣ ይሄ ሰው የሚያመሰግነው ስለደረሰለት ነገር ነው ወይስ ስላየው ጉብዝና? ለደረሰለት ከሆነ ታንክ፣ ላየው ከሆነ ፕሬይዝ።

ይሄ መደባለቅ በጣም የሚታየው ሰላምታ ላይ ነው። እኛ ደህና ነህ ስንባል እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን፣ ሙስሊሙ አልሃምዱሊላህ ይላል፣ እና ፈረንጁ ሃው አር ዩ ሲል ቀጥታ ተርጉመን «ፕሬይዝ ጋድ» እንላለን። ስህተት አይደለም፣ ቋንቋው ይፈቅዳል፣ አልሃምዱሊላህም በእንግሊዝኛ ሲተረጎም በብዛት «ፕሬይዝ ቢ ቱ ጋድ» ነው የሚባለው። ግን እኛ ጋ እግዚአብሔር ይመስገን ሃይማኖት የሌለውም ሰው ከአፉ የሚያወጣው ተራ መልስ ነው፣ እንግሊዝኛ ላይ «ፕሬይዝ ጋድ» ተራ መልስ አይደለም፣ የሚሰማችሁ ሰው ወይ በጣም አማኝ ናቸው ይላል ወይ የሆነ ትልቅ ነገር ተርፈው ነው ብሎ ያስባል። ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ወይ ኢንተርቪው ላይ «አይም ዌል፣ ታንክ ዩ» በቂ ነው፣ ቸርች ውስጥ ግን እንደልባችሁ።

አነባበቧ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው ትርጉሙ ራሱ የሚቀየረው። ስፔሊንጓ ፒ፣ አር፣ ኤ፣ አይ፣ ኤስ፣ ኢ ነው። መጨረሻዋ ኤስ ቢሆንም ድምፁ ዝ ነው፣ መሀሏ ደግሞ ሬይ ነው፣ ራይ አይደለም፣ ዴይዝ ከሚለው ጋር ቤት ይመታል። ራይ ካላችሁ ሌላ ቃል ነው የሚወጣው። ፕራይዝ ሽልማት ነው፣ ስፔሊንጉም ፒ፣ አር፣ አይ፣ ዜድ፣ ኢ። ፕራይስ ደግሞ ዋጋ ነው፣ ፒ፣ አር፣ አይ፣ ሲ፣ ኢ። ማይክ ይዞ «ፕራይዝ ዘ ሎርድ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል፣ ጉባኤው አሜን ይላል፣ ጌታም ይገባዋል፣ ኢንተርቪው ላይ «አይ ጎት ፕራይዝ ፍሮም ማይ ማናጀር» ያለ ልጅ ግን ተሸለምኩ ነው ያለው፣ ጠያቂው ምን ተሸለምክ ብሎ ይጠይቀዋል፣ ከዛ በኋላ ነገሩን ማስተካከል አስቸጋሪ ነው። አንድ ሌላም አለ፣ ትፀልያለች የሚለው «ሺ ፕሬይዝ» በድምፅ ከኛዋ ቃል ጋር አንድ ነው፣ በፅሁፍ ግን በዋይ ነው የሚፃፈው፣ ፒ፣ አር፣ ኤ፣ ዋይ፣ ኤስ። ስትሰሙ የምትለዩት ቀላል ነው፣ የኛዋ ከሺ ጋር ስትመጣ ጭራ ትጨምራለች፣ «ሺ ፕሬይዚዝ ሀር ስቱደንትስ» ነው የሚሆነው፣ በሁለት ሲላብል።

እነዚህ ፕሬይዝ፣ ፕራይዝ፣ ፕራይስ የሚመሳሰሉት በአጋጣሚ አይደለም ደሞ። ሦስቱም ዋጋ ማለት ከሆነው ፕሬቲየም ከሚል የላቲን ቃል ነው የተነሱት፣ በፈረንሳይኛ በኩል አድርገው በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ገቡ፣ ፕሬይዝም ድሮ ዋጋ መተመን የሚል ትርጉም ነበራት። አፕሪሺዬትም የዚሁ ዘር ነው። እኛስ አንድን ሰው ማክበር ስንፈልግ ዋጋ ሰጠው እንል የለ።

አሁን ወደ አሰካኩ እንግባ። ፕሬይዝ ግስ ሆናም ስም ሆናም ትሰራለች፣ ቅርጿ አይቀየርም። ግስ ስትሆን ያለ ተቀባይ አትቆምም፣ ማንን ወይ ምንን እንዳመሰገነ መፃፍ አለበት። ይሄን አጥብቄ የምናገረው አማርኛችን ተቀባዩን ግሱ ውስጥ ስለሚውጠው ነው፣ አመሰገነችን ስንል ያቺ «ን» እኛን ይዛለች፣ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ግን ሰው ይረሳትና «ሺ ፕሬይዝድ ፎር አወር ወርክ» ይላል። አስ የምትለዋ ወደቀች። «ሺ ፕሬይዝድ አስ ፎር አወር ወርክ» ነው፣ ወይ ደግሞ አሳጥራችሁ «ሺ ፕሬይዝድ አወር ወርክ»፣ ሁለቱም ልክ ነው፣ ሰውየውንም ሥራውንም ማመስገን ይቻላል።

ምክንያቱን የምታመጣው ፎር ናት። ሁሌም ፎር። «አባውት» አይደለም፣ «ኦን» አይደለም፣ «ቢኮዝ ኦፍ» ስሜት ቢሰጥም ከባድ ነው። ከፎር በኋላ ስም ይመጣል ወይ አይኤንጂ ያለው ግስ፣ «ፕሬይዝድ ሂም ፎር ካሚንግ ኧርሊ»። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጁ ልጆች ይቺን ያዟት፣ ባዶ ቦታ ሙሉ የሚል ጥያቄ ሲመጣ ከፕሬይዝ ጋር ኦን፣ ፎር፣ ዊዝ፣ ቱ ብሎ መደርደር የተለመደ ነው፣ ከኦን ጋር የሚሄዱት ኮንግራጁሌትና ኮምፕሊመንት ናቸው እንጂ ፕሬይዝ አይደለችም። ሌላው፣ ከፕሬይዝ ቀጥሎ «ዛት» ብላችሁ ሙሉ አረፍተ ነገር አትለጥፉ። «ማይ ቦስ ፕሬይዝድ ዛት አይ ወርክ ሃርድ» አይባልም። ጠንክሬ እንደምሰራ መሰከረልኝ ማለት ከፈለጋችሁ «ማይ ቦስ ፕሬይዝድ ሚ ፎር ወርኪንግ ሃርድ» በሉ፣ ዛት የግድ ካስፈለገች ግሱን ወደ «ሴድ» ቀይሩት።

እንደ ምን ተደርጎ ተመሰገነ የሚለው ደግሞ በአዝ ነው የሚመጣው፣ ዜና ላይ ብዙ ታዩታላችሁ፣ «ዘ ብሪጅ ዎዝ ፕሬይዝድ አዝ ኤ ግሬት ዲዛይን» አይነት።

ስም ስትሆን አትቆጠርም፣ እንደ ውሃና እንደ ስኳር ናት። «ኤ ፕሬይዝ» የለም፣ «ሜኒ ፕሬይዚዝ»ም የለም። ብዙ ምስጋና ካላችሁ «ኤ ሎት ኦፍ ፕሬይዝ»፣ ከፍ ያለ ምስጋና ካላችሁ «ሃይ ፕሬይዝ»፣ ጥቂት የምስጋና ቃል ካላችሁ «ኤ ፊው ወርድስ ኦፍ ፕሬይዝ»። ከማን እንደመጣ ፍሮም ይነግራችኋል፣ ለምን እንደተባለ እዚህም ፎር፣ «ዘ ሆቴል ሪሲቭድ ኤ ሎት ኦፍ ፕሬይዝ ፍሮም ጌስትስ ፎር ኢትስ ጋርደን»። ኦፍ ስትመጣ ብዙ ጊዜ የሚመሰገነውን ነው የምታሳየው። ውዳሴ ማርያም በእንግሊዝኛ «ፕሬይዝ ኦፍ ሜሪ» ሲባል ማርያም የምትወደሰው ናት፣ ወዳሹ ሌላ ነው። «ኢን ፕሬይዝ ኦፍ» የሚል አባባልም አለ፣ ድርሰት ርዕስ ላይ ያምራል፣ ስለ ቡና ውዳሴ ለመፃፍ «ኢን ፕሬይዝ ኦፍ ኮፊ» ብሎ መጀመር ይቻላል።

በኤስ በዝታ የምትመጣው ሁለት ቦታ ላይ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ መንፈሳዊ መዝሙር ላይ፣ ሌላው «ሲንግ ሰምዋንስ ፕሬይዚዝ» የሚለው ነው፣ ስለ አንድ ሰው በየሄዱበት ጥሩ ማውራት ማለት ነው፣ የግድ ዘፈን የለውም፣ አለቃችሁ በሄደበት ሁሉ ስማችሁን እያነሳ ካሞገሰ ይሄ ነው። አዝማሪ ቤት ሄዳችሁ ስማችሁ ተጠርቶ ከተዘፈነላችሁ ግን ቃል በቃል ሆነ።

እሺ አሁን ዋናው። ይሄን ማንም በቅጡ ስለማያስተምረው ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ ፕሬይዝ የምትለው ቃል ሰውን ፊት ለፊት ለማመስገን አትውልም። ምስጋናው ከተካሄደ በኋላ ለሌላ ሰው ሲወራ ነው በብዛት የምትገባው። «ዘ ማናጀር ፕሬይዝድ ሚ» ይባላል፣ ማናጀሩ ግን ሲያመሰግናችሁ «አይ ፕሬይዝ ዩ» አላላችሁም፣ ያላችሁ «ዌል ደን» ወይ «ግሬት ጆብ» ወይ «ዩ ሃንድልድ ዛት ሪሊ ዌል» ነው። «አይ ፕሬይዝ ዩ» በሁለተኛ ሰው ቀጥታ ከተነገረ እንግሊዝኛ ጆሮ ላይ ፀሎት ነው የሚመስለው፣ ለፈጣሪ የሚባል ነገር፣ መዝሙር ውስጥ ሞልቷል። ስለዚ ለፈረንጅ አለቃችሁ ኢሜይል ላይ «አይ ፕሬይዝ ዩ ፎር ዩር ሰፖርት» ብላችሁ ስትልኩ ሰውየውን አምላክ አድርጋችሁታል፣ ደግሞስ ለሰፖርቱ የሚገባው ታንክ ነበር፣ ሁለት ስህተት ባንድ መስመር።

እኛም እኮ ስናመሰግን አመሰግንሃለሁ ብቻ አይደለም የምንለው። ምግብ የሰራችውን እጅሽ ይባረክ እንላለን፣ ልጁን ጎበዝ እንላለን፣ ሥራ ላይ ያለን ሰው በርታ እንላለን፣ ጥሩ ያደረገን አበጀህ። እንግሊዝኛም የራሱ አለው፣ ግን አንድ ለአንድ አይገጥምም። እጅሽ ይባረክን «ብለስ ዩር ሃንድ» ብላችሁ ብትተረጉሙ ሴትየዋ ፈገግ ትላለች ግን ግራ ይገባታል፣ የሚባለው «ዚስ ኢዝ ዴሊሸስ» ነው ወይ «ዩ አር ሰች ኤ ጉድ ኩክ»። በርታ ለሚለው «ኪፕ ኢት አፕ» ይቀርባል። አሞራ ገደል ዓሳ በልቶ የወጣ ቱሪስት ጠባሿን ለማመስገን «ዘ ፊሽ ዎዝ ፐርፌክት» ነው የሚላት፣ ኋላ ጓደኛው ሲያወራ ግን «ሂ ፕሬይዝድ ዘ ፊሽ» ይላል። ልብ በሉ፣ እሱ ራሱ ፕሬይዝ የሚል ቃል አላወጣም።

ዘመዶቿን በቶሎ ልለይላችሁ። ኮምፕሊመንት ትንሽ ናት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር የምትሆን የአድናቆት ቃል፣ ፀጉርሽ አማረብሽ፣ ሸሚዝህ ያምራል አይነት፣ እና እሷ ትቆጠራለች፣ «ኤ ኮምፕሊመንት» ይባላል። ፕሬይዝ ከበድ ትላለች፣ ለልብስ እምብዛም አትመጣም። ፍላተር ደግሞ እኛ ውዳሴ ከንቱ የምንለው ነው፣ የሆነ ነገር ፈልጎ መካብ። ኮሜንድ ያው ማመስገን ናት ግን መደበኛ ቃል ናት፣ ደብዳቤና ሽልማት ላይ የምትመጣ። አፕሬይዛል የሚለውን ግን ተጠንቀቁ፣ ድርጅት ውስጥ «ፐርፎርማንስ አፕሬይዛል» ሲመጣባችሁ ምስጋና መስሏችሁ እንዳትደሰቱ፣ የሥራ አፈፃፀም ግምገማ ነው፣ ነጥባችሁ ዝቅ ሊልም ይችላል።

ኮንግራጁሌትን ከፕሬይዝ ለመለየት የደራርቱ ቱሉን ባርሴሎና አስታውሱ፣ በፈረንጅ 1992። አስር ሺህ ሜትር አሸነፈች፣ ለዛ የሚባለው ኮንግራጁሌት ነው፣ «ኮንግራጁሌትድ ሀር ኦን ዊኒንግ»፣ ደስታ ስለገባ እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ነው። ከዛ ግን መስመሩ ጋ ቆማ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ለዚህኛው ኮንግራጁሌት አይባልም፣ ይሄ መልካም ባህሪዋን የሚያሳይ ተግባር ነው፣ «ፒፕል ፕሬይዝድ ሀር ፎር ዌይቲንግ»። ውጤት ላይ እንኳን ደስ አለሽ፣ ተግባርና ባህሪ ላይ ፕሬይዝ። ሁለቱን አንድ ሰው ባንድ ቀን ሊያገኝ ይችላል።

ሲቪ የምትፅፉ ደግሞ ይቺን አንብቡ። የምስጋና ወረቀት የሚባለው ነገራችን አለ አይደል፣ ከቀበሌም ከትምህርት ቤትም ከበጎ አድራጎትም የሚሰጠን፣ እሱን «ፕሬይዝ ፔፐር» ወይ «ታንክስ ሰርተፊኬት» ብሎ የፃፈ ሲቪ አጋጥሞኛል። ስሙ «ሰርተፊኬት ኦፍ አፕሪሺዬሽን» ነው፣ ላገለገላችሁት አገልግሎት ከሆነ። በውጤት ከሆነ የተሰጣችሁ «ሰርተፊኬት ኦፍ ሜሪት» ወይ «ሰርተፊኬት ኦፍ አቺቭመንት»። አለቃ ስለ ሥራችሁ መልካምነት ደብዳቤ ከፃፈ «ሌተር ኦፍ ኮሜንዴሽን» ይባላል። በዛ ላይ ሲቪ ውስጥ «አይ አም ፕሬይዝድ ባይ ኤቭሪዋን» አትበሉ፣ ሁሉም የሚያመሰግነው ሰው የለም፣ እንግሊዝኛም ራስን ማመስገን ድጋፍ አይሆንም የሚል አባባል አለው፣ እኛም ሙያ በልብ ነው እንላለን። ማን፣ ለምን፣ መቼ የሚለው ካለበት ግን ጉራ አይሆንም፣ «ፕሬይዝድ ባይ ዘ ፕሮዳክሽን ማናጀር ፎር ሪዲውሲንግ ዌስት» ብትሉ አንባቢው ሄዶ ሊጠይቅ ይችላል፣ ስለዚ ያምናችኋል። ሲቪ ላይ «አይ ዎዝ» የምትለዋን መዝለል የተለመደ ነው።

ሪኮመንዴሽን ለምታስፅፉም ሆነ ለምትፅፉ፣ እንግሊዝኛ ውስጥ «ፌይንት ፕሬይዝ» የሚል ነገር አለ፣ ደካማ ምስጋና እንበለው፣ እንደውም በደካማ ምስጋና መኮነን የሚል አባባል ነው ያላቸው። ለምሳሌ አንድ መምህር ለማስተርስ የምታመለክት ተማሪውን ሰዓት ታከብራለች፣ ፅሁፏ ይነበባል፣ ሰው አታስቸግርም ብሎ ከፃፈ እኛ ጥሩ ነገር ነው ያለላት ብለን እናነበዋለን፣ ምንም ክፉ የለበትማ። ውጭ ያለው ኮሚቴ ግን ስለ ጭንቅላቷ የሚባል ነገር አጥቶ ነው ብሎ ወረቀቱን ወደ ጎን ያደርገዋል። በተቃራኒው ደግሞ እኛ ጋ ደብዳቤ ላይ እጅግ በጣም ታታሪ፣ ታማኝ፣ ታዛዥ፣ ቅን ብሎ ቅፅል መደርደር ይወደዳል፣ ያም አይሰራም፣ ምክንያቱም የትኛውም ተማሪ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። የሚሰራው የሆነ ያየው ነገር ነው፣ ላብ ውስጥ ማሽኑ ሲበላሽ ማንም ሳያዛት ማኑዋሉን አንብባ አስነሳችው የሚል አንድ መስመር ከአስር ቅፅል ይበልጣል። አስተማሪያችሁ ጋ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ እንደዚህ አይነት ሁለት ሦስት ነገር አስታውሷቸው፣ ስንት ተማሪ እንዳላቸው ታውቃላችሁ።

መምህራን ካላችሁ እዚህ መሀል፣ ምስጋናው በምን ላይ እንደሚያርፍም ለውጥ አለው። ክላውዲያ ሙለር እና ካሮል ድዌክ የሚባሉ አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች በፈረንጅ 1998 ያወጡት ታዋቂ ጥናት አለ፣ የአምስተኛ ክፍል ልጆችን እንቆቅልሽ አሰርተው ከፊሉን ጎበዝ ጭንቅላት አለህ ብለው አመሰገኑ፣ ከፊሉን ደግሞ ይሄን ያመጣኸው ጠንክረህ ሰርተህ መሆን አለበት ብለው። ከዛ ከባድ ጥያቄ ሲመጣ ጭንቅላታቸው የተመሰገነላቸው ልጆች ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፣ ውጤታቸውም ወረደ፣ ጥረታቸው የተመሰገነላቸው ግን ገፉበት። በእንግሊዝኛ ስታስተምሩ «ዩ አር ሶ ስማርት» ከማለት «ዩ ወርክድ ሃርድ ኦን ዚስ» ማለት ይሻላል የሚባለው ከዚህ ነው። እኛ ጋ ጎበዝ የምትለው ቃል ሁለቱንም ስለምትይዝ እንደ እድል ሆኖ ያን ያህል አታጣላም፣ ይሄ የኔ ግምት ነው።

ቸርች ውስጥ ስላለችው ፕሬይዝ ብዙ አልልም፣ የምትዘምሩት ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። ሃሌ ሉያ ራሱ ከዕብራይስጥ ያህን፣ ማለትም እግዚአብሔርን፣ አመስግኑ ማለት ነው፣ ስለዚ «ፕሬይዝ ዘ ሎርድ» የሱ ትርጉም ነው። ሰዋስው ላይ ግን አንድ ነገር፣ «ፕሬይዝ ዘ ሎርድ» ትዕዛዝ ነው፣ እናንተ ጌታን አመስግኑ፣ «ፕሬይዝ ቢ ቱ ጋድ» ደግሞ ምኞት ነው፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይሁን። ቱ የምትመጣው በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው፣ «ፕሬይዝ ቱ ዘ ሎርድ» ብላችሁ ግሱ ላይ አትጨምሯት፣ ለጌታ ከሚለው አማርኛ ነው የምትሾልከው። የመዝሙር ቡድን ስም ስታወጡና ፖስተር ስታሰሩም ስፔሊንጉን ዲዛይነሩ ላይ አትጣሉ፣ በዜድ የታተመ ባነር ተሰቅሎ ካያችሁት በኋላ ማውረድ ያሳፍራል።

ስትመሰገኑ ምን ትላላችሁ የሚለውም የዚሁ አካል ነው። እኛ ኧረ ምንም አላደረኩም፣ ኧረ የናንተ ነው እንላለን፣ ጨዋነት ነው። እንግሊዝኛ ላይ «ኖ ኖ፣ አይ ዲድ ናሺንግ» ደጋግማችሁ ካላችሁ ግን ሰውየው የተሳሳተ ነው የሚመስለው፣ ወይ ሥራውን ሌላ ሰው ሰርቶታል ብሎ ሊያስብ ይችላል። «ታንክ ዩ፣ ዛት ሚንስ ኤ ሎት» ብላችሁ ዝም በሉ። ቡድኑን ማካፈል ከፈለጋችሁ «ዘ ሆል ቲም ወርክድ ኦን ኢት» ጨምሩ፣ ያ ደግሞ እውነት ከሆነ ነው።

በመጨረሻ ሆቴል ለምትሰሩ አንድ ናሙና። እንግዳ ቁርሳችሁንና አትክልት ቦታችሁን አድንቆ ፅፏል፣ ቤተሰብ የሆናችሁ ያህል ተሰማኝ ብሏል። ብዙ ጊዜ የሚመለሰው «ዊ ፕሬይዝ ዩ ፎር ዩር ጉድ ፕሬይዝ» አይነት ነገር ነው። እስካሁን ያወራነውን እዚህ ላይ አውሉት። እንግዳው ጊዜውን ሰጥቶ ስለፃፈ ለናንተ የደረሰ ነገር አለ፣ ስለዚ ታንክ። እሱ የሰጣችሁ «ካይንድ ወርድስ» ይባላል፣ ፕሬይዝ ብሎ የራሳችሁን ምስጋና ራሳችሁ ስም ማውጣት ትንሽ ጉራ አለው። ቁርሱን የሚሰሩት ደግሞ አሉ፣ ለነሱ መልዕክት አድርሱ። «ታንክ ዩ ፎር ዩር ካይንድ ወርድስ። ዊ ሼርድ ዩር ኮሜንትስ ዊዝ ዘ ኪችን ቲም ኤንድ ዘይ ወር ቬሪ ሃፒ። ዊ ሆፕ ቱ ሲ ዩ ኢን ሀዋሳ አጌን።» ፕሬይዝ የምትለው ቃል የለችበትም። የወሩ ሪፖርት ለባለቤቱ ስትፅፉ ግን ትመጣለች፣ «ሴቨራል ጌስትስ ፕሬይዝድ ዘ ብሬክፋስት»፣ እና ወጥ ቤት ያሉት ልጆች ይሄን መስመር ቢያዩት ደሞዝ ጭማሪ ሲጠይቁ ስለሚጠቅማቸው ኮፒ አድርጋችሁ ስጧቸው።